የአንዲት ዓመት ጉዞና ትዝታዋ፤ ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ

(በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የተደረገ ንግግር)



ትምህርቱን ጨርሶ ምስክር ወረቀቱን የተቀበለ ወጣት ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት አንዲት ዓመት ለራሱ ብትሰጠው ምን ያደርግባት ይሆን? ጥያቄው ለብዙው የኢትዮጵያ ወጣት የቅንጦት ጥያቄ ነው። የአባቱ በሬ ተሸጦለት፥ የእናቱ መቀነት ተፈትቶለት የተማረ ልጅ በተመረቀ ማግሥት የሚጠብቀው ሥራና ደመወዝ ነው እንጂ ሽርሽር አይደለም። ይሁን እንጂ ይህን ዕድል ያገኘ ሰው ዓመቱን በምን እንዳዋለው፥ ይልቁንም ከብዙ ዘመን በኋላ መለስ ብሎ ሲያስበው ምን እንዳተረፈበትና ምን እንዳመለጠው መመርመር፥ ነገ ወደማያውቀው ወረዳ ተመድቦ ለሚሄድ መምህር ከንቱ ድካም አይሆንም። ለዚህ ምርመራ የተመረጠው ጉዞ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ በጅቡቲ ከተማ ያበቃው የዊልፍሬድ ቴሲጀር ጉዞ ነው።

ስለ ከተማዪቱ አስቀድሞ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጅቡቲ ዕድሜዋ ረዥም አይደለም። ፈረንሳዮች በ1880 ዓ.ም. ገደማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ፥ ከባሕር ድንጋይ በተሠራ ዝቅተኛ አምባ ላይ ቆረቆሯት። በ1890 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረባት፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ከዚያ ወዲያ ቡናውና ቆዳው የሚወጣው፥ ጨርቁና ብረታ ብረቱ የሚገባው በአብዛኛው በዚህች በር ነበር። በከተማዪቱ መካከል ያለው ዋና አደባባይ ለብዙ ዘመን በዳግማዊ ምኒልክ ስም ይጠራ ነበር፤ አገሩ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻነቱን ካገኘ በኋላ የዚያችን ዕለት ስም ወረሰ።

በዚሁ በር ሌላም ነገር ያልፍ ነበር፤ ተማሪ። ለትምህርት ወደ ግብፅና ወደ ፈረንሳይ፥ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ የሚላክ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ ባቡሩ በዚያን ዘመን ሌሊት ስለማይጓዝ በአዋሽና በድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባ ነበር። ከደጋ ወርዶ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እዚያ ነው። ሸማውን አጣጥፎ ኮት የሚለብሰው፥ በቤቱ ቋንቋ የተሰናበተውን ዓለም በባዕድ ቋንቋ መጠየቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። እንግዲህ ጅቡቲ ለኢትዮጵያዊው ተማሪ የኮሌጅ መግቢያ በር ስትሆን፥ ለቴሲጀር ግን ከኮሌጅ በኋላ ያለው ዓመት የተዘጋባት በር ሆነች። አንዱ ሊማር ይወጣባታል፤ ሌላው ተምሬ ጨረስሁ ብሎ ከመጣበት አገር፥ ገና አለመጨረሱን ሳያውቅ ይወጣባታል።

ቴሲጀር የተወለደው ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው፤ አባቱ የእንግሊዝ መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። በስድስት ዓመቱ የሰገሌ ጦርነት ድል አድራጊዎች በጃን ሜዳ ሲሰለፉ አይቷል፤ ያየው ነገር ከልቡ አልወጣም። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ፥ የአባቱ ውለታ ታስቦለት፥ የኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ ለበዓሉ ተጠራ። በዓሉ እንዳለቀ ለአንድ ወር ያህል ወደ አዋሽ በረሓ ወርዶ አደነ። ያችን ወር የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነች አድርጎ እስከ እርጅናው ይቆጥራት ነበር። በዚያው ጊዜ አንድ እንቆቅልሽ ያዘው፤ ከሸዋ ደጋ የሚነሣው ይህ ታላቅ ወንዝ ወደ ባሕር ሳይደርስ የት ይገባል?

እውነቱን ለመናገር እንቆቅልሹ እንቆቅልሽ የሆነው ለአውሮፓ ካርታ ብቻ ነበር። አፋር ግመሉንና ከብቱን በወንዙ ዳር ሲያሰማራ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ውሃው የት ገብቶ እንደሚቀር ልጁም ያውቀዋል። ይሁንና ከውጭ የመጣ ሰው በደኅና ደርሶ፥ ለክቶና ጽፎ አልተመለሰም። በኅዳር 1868 ዓ.ም. ለግብፅ መንግሥት ያድር የነበረው ስዊሳዊው ሙንዚንገር ከነጭፍራው አውሳ ውስጥ ተገደለ። በ1920 ዓ.ም. ኔዝቢት የተባለው ተጓዥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በረሓውን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ ወጥቷል፤ ነገር ግን ወንዙን እስከ ፍጻሜው አልተከተለውም።

ቴሲጀር በ1925 ዓ.ም. ከኦክስፎርድ ተመረቀ። በ1926 ዓ.ም. መባቻ ዴቪድ ሄግ ቶማስ ከተባለ ጓደኛው ጋር ኢትዮጵያ ገባ፤ ጓደኛው ግን በሕመም ምክንያት ቀርቶ ተመለሰ። ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። በኅዳር ወር ከአዋሽ ጣቢያ ግመሎችን ጭኖ ሲነሣ የጉዞው አለቃ ዑመር ኢብራሂም የተባሉ በዕድሜ የበሰሉ ሱማሌ ነበሩ። ግመል መግዛትና መጫን፥ ጠባቂ መቅጠር፥ ከየጎሣው ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ስለ መተላለፊያ መነጋገር፥ የተቆጣውን ማብረድ፥ ይህ ሁሉ በዑመር ትከሻ ላይ ነበረ። ወጣቱ ቋንቋውን አያውቅም፤ አገሩንም አያውቅም። የሚያውቀው ኮምፓስ ማንበብና ማስታወሻ መጻፍ ነው። እርግጥ ጠመንጃም፥ የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድም ነበረው፤ ነገር ግን ከደጋው ርቆ ሲሄድ ሁለቱም ጥቂት በጥቂት ዋጋቸው እየቀነሰ የዑመር አንደበት ዋጋው እየጨመረ ሄደ።

ባህዱ በተባለው ምድር ሲደርሱ አካባቢው በጠብ ታምሶ ስለ ነበረ መንግሥት እንዲመለስ አዘዘው። ተመልሶ አዲስ አበባ ወጣ፤ አደጋ ቢደርስብኝ መንግሥት አይጠየቅም የሚል ጽሑፍ ሰጥቶ በየካቲት ወር እንደገና ወረደ። እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ መቆም ይገባል። በዚያን ጊዜ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራቂ እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርሞ ለራሱ ጉጉት ሲል ነፍሱን ለአደጋ ልስጥ ቢል ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ ያለቅስበት ነበር፤ ነፍሱ የእርሱ ብቻ አይደለችምና። ቴሲጀር ለመድፈር የቻለው ልቡ ደፋር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው የሚጠብቀው አፍ ስላልነበረም ነው። ይህን መናገር ጀግንነቱን ለማሳነስ አይደለም።

በመጋቢት ወር መጨረሻ ገደማ አውሳ ደረሰ። የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ በሌሊት፥ በጨረቃ ብርሃን፥ በደን መካከል ባለ ገላጣ ቦታ ላይ፥ በታጠቁ ጭፍሮቻቸው ተከበው ተቀበሉት። ሱልጣኑ የውጭ አገር ሰው የሚጠራጠሩበት በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ምጥዋን ይዞ በሰሜን በኩል የተቀመጠው ጣልያን፥ በምሥራቅም ያለው ፈረንሳይ መጀመሪያ የሚልኩት ካርታ የሚያነሣ ሰው ነው። ሁለት ዓመት አልሞላም፤ ጥርጣሬያቸው መሠረት ያለው መሆኑን ጦርነቱ ገለጠው። ሆኖም ከነገሩ ሁሉ በኋላ ይለፍ አሉት። ዳጉ የሚባለውን የአፋር ልማድ የሚያውቅ ሰው ይህ ፈቃድ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ይገባዋል። በአፋር ምድር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በየተራ ሳያጓድሉ ይነጋገራሉ፤ ወሬውም ከአፍ ወደ አፍ ግመል ከሚሄድበት ፍጥነት ቀድሞ ይደርሳል። የሱልጣኑ ቃል የእንግዳውን መንገድ ቀድሞ ይጠርግ ነበር።

ወንዙ በአውሳ ረግረግና ሐይቆች ውስጥ ከዞረ በኋላ ወደ ደቡብ ታጥፎ አቤ በተባለው ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ይገባና ያልቃል። ከሐይቁ የሚወጣ ውሃ የለም፤ ፀሐይ ትጠጣዋለች። 1200 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ወንዝ ባሕር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በሙቀት ተንኖ ይቀራል ማለት ነው። ቴሲጀር ይህን በዓይኑ አይቶ በካርታ ላይ አሰፈረ። ከዚያ ወደ ታጁራ የወሰደው መንገድ፥ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለው የአሳል ሐይቅ ያለበት፥ ለሰውም ለእንስሳም መከራ ነበር። ከግመሎቹ ብዙዎቹ በመንገድ ወድቀው ቀሩ። በግንቦት ወር 1926 ዓ.ም. ታጁራ ገብቶ፥ ከዚያ በጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ጅቡቲ ደረሰ። በዚያ ምድር ሞት ሩቅ አልነበረም፤ ከስምንት ወር በኋላ፥ በጥር 1927 ዓ.ም.፥ የዲክሂል አስተዳዳሪ የነበረው ወጣቱ ፈረንሳዊ አልቤር ቤርናር በዚያው ጠረፍ በተደረገ ግጭት ከወታደሮቹ ጋር ተገደለ።

በግንቦትና በሰኔ የጅቡቲ ሙቀት የታወቀ ነው፤ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል። ወራት ሙሉ በእግሩ ሲሄድ የኖረው ወጣት እዚያ ደርሶ መርከብ ከመጠበቅ በቀር የሚሠራው ነገር አልነበረውም። ጉዞ የሚያልቀው በዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን እንዲህ ባለ ቀን ነው፤ እግር ሲቆም ሐሳብ ይነሣል። በወደቡ ላይ አልታይር የምትባል የሸራ ጀልባ ቆማ አየ። ባለቤቷ በቀይ ባሕር ንግዱና በመጻሕፍቱ ስመ ጥር የነበረው ፈረንሳዊ ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ነበር፤ ጀልባዋም ለሽያጭ ቀርባ ስለ ነበር፥ ገዝቶ በባሕሩ ላይ ለመቅረት ልቡ ተመኘ። በመጨረሻ ግን ተወው። የሃያ ሦስት ዓመት ሰው ዓመቱ እንዲያልቅበት አለመፈለጉ የሚያስገርም አይደለም፤ ከኮሌጅ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ሰዎቹን አሰናብቶ በባቡር ወደ ኢትዮጵያ ሰደዳቸው፤ እርሱም በመርከብ ወደ አገሩ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የትዝታው ታሪክ ነው፤ ለመምህር የሚጠቅመውም ይህኛው ክፍል ነው። በዚያው ክረምት ታይምስ በተባለው የሎንዶን ጋዜጣ ላይ አራት ጽሑፎች አወጣ። በ1927 ዓ.ም. ስለ አዋሽ ወንዝና ስለ አውሳ ሱልጣኔት በንጉሣዊው የጂኦግራፊ ማኅበር ፊት ንግግር አደረገ። እነዚህ የወጣትነት ጽሑፎች የወንዝ፥ የርቀት፥ የጎሣ ስምና የአደጋ ጽሑፎች ናቸው። ንጹሕና ትክክለኛ ናቸው፤ በጎ ፈተና እንደሠራ ተማሪ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ግን፥ በዓረብ በረሓ ከበደዊዎች ጋር ኖሮ በጻፋቸው መጻሕፍትና እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ፥ ያችን ዓመት ሲመለከታት ሌላ ነገር ታየው። በአፋር ምድር የተጓዘው በዘመኑ እንግሊዛውያን በአፍሪካ እንደሚጓዙት ነበር። ድንኳኑ ለብቻው ይተከላል፤ ምግቡ ለብቻው ይቀርባል፤ አሽከር ያሳልፍለታል። ሕይወቱን የጠበቁት ሰዎች በሌላ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ይበላሉ። ከዚህ የተለየ ነገር ማድረግ ይቻላል ብሎ እንኳ በዚያን ጊዜ አላሰበም። አብሮ ተቀምጦ ከአንድ ገበታ መብላትን፥ ሰውን እንደ አገልጋይ ሳይሆን እንደ ጓደኛ ማየትን የተማረው በኋላ በሱዳን መንግሥት ሥራ ላይ ሳለ በዳርፉር፥ ይበልጡንም በዓረብ በረሓ ነው። ሽማግሌው ወጣቱን አልሰደበውም፤ ነገር ግን አርሞታል። እንደ ደግ መምህር፥ ስሕተቱን በቀይ ቀለም አስምሮ ወረቀቱን መልሶለታል።

ይህን እርማት ኢትዮጵያዊ አድማጭ ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከአንድ መሶብ መብላት ለእርሱ ከብዙ ዓመት ጉዞ በኋላ የሚገኝ ጥበብ አይደለም፤ ከእናቱ ጉያ ሳይወጣ የተማረው ነው። ግን ፈገግታው ቶሎ ይጥፋ። ዲፕሎማውን ይዞ ገጠር የወረደ መምህር በየት አገር ነው ከመንደሩ ሰው ጋር የሚበላው? ከጤና ረዳቱና ከወረዳው ጸሐፊ ጋር ለብቻው ቤት ተከራይቶ፥ ለብቻው ሻይ አፍልቶ፥ ለብቻው ራዲዮ ከፍቶ፥ ዝውውር የሚመጣበትን ቀን የሚቆጥረው ስንቱ ነው? ድንኳኑ ከሸራ አለመሠራቱ እንጂ ድንኳን መሆኑ አልቀረም። የተማሪዎቹን ስም በጥሪ መዝገብ ያውቃል፤ የአባቶቻቸውን ደጅ ግን አያውቅም።

በኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ጉዞ የቅርብ ወንድም የሚሆነው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወጡ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም ያገለገሉት በአስተማሪነት ነው። እነዚህ ወጣቶች አገር አላቋረጡም፤ ወንዝ ተከትለው ፍጻሜውን አላገኙም። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ከተማ፥ በአንድ ትምህርት ቤት ተቀምጠዋል። ቴሲጀር ብዙ ምድር አይቶ ጥቂት ሰው አወቀ፤ እነርሱ ጥቂት ምድር አይተው ብዙ ሰው አወቁ። ከእነዚያ ክፍሎች ወጥተው ራሳቸው መምህር የሆኑ ብዙዎች ናቸው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ያሰማራ ሲሆን፥ እርሱ በፈቃድና በግዴታ፥ በተስፋና በመከራ መካከል የተደረገ ነገር ስለሆነ ሌላ ንግግር ይጠይቃል።

ከቴሲጀር ጋር በግልጽ መለያየት የሚገባበት አንድ ነጥብ አለ። መኪናና አውሮፕላን፥ ባጠቃላይም ዘመናዊው ኑሮ፥ የጥንቱን ሕዝብ ክብርና ነጻነት ያጠፋል ብሎ ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ዕለት ድረስ ያዝን ነበር። ይህ ለመንገደኛ የሚስማማ ኀዘን ነው። መንገደኛ ያየው ነገር እንዳየው ሆኖ ተቀምጦ እንዲቆየው ይወዳል። ልጇን በምጥ ያጣች እናትና ከግመል ኋላ ሲሄድ የዋለ ሕፃን ግን ለማንም ትዝታ ሲሉ ባሉበት የመቆየት ዕዳ የለባቸውም። እርሱ ራሱ በኢቶንና በኦክስፎርድ ተምሮ ነው በረሓን የመረጠው፤ የአፋር ሕፃንም እንደዚሁ የሚመርጥበት ትምህርት ሊኖረው ይገባል። በ2000 ዓ.ም. በሰመራ ዩኒቨርሲቲ ሥራ መጀመሩ ለዚያ ምድር የትኛውም ካርታ ካደረገለት የበለጠ ነው። በሌላ በኩል፥ የአፋርን ልጅ ከዳጉ አፋትቶ፥ መስማትና ማስታወስን አስረስቶ፥ መጽሐፍ ብቻ የሚያሸክም መምህር ቢላክ የሽማግሌው ኀዘን ትክክል መሆኑን እንዳያረጋግጥ ያሰጋል።

ቴሲጀር ያያት ጅቡቲ ብዙ አልቆየችም። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የዘውዱን በዓል ያየላቸው ንጉሠ ነገሥት ከዚያው ወደብ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት ሄዱ። እርሱም በ1933 ዓ.ም. በጎጃም ከአርበኞች ጋር ሆኖ ጣልያንን ተዋግቶ የልጅነት ውለታውን በከፊል ከፈለ። ዑመር ኢብራሂም የተሳፈሩበት አሮጌው ሐዲድ ዛሬ ዝም ብሏል፤ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድ፥ ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ነጋድ ጣቢያ ይገባል።

የአዋሽ ውሃ በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ላይ ከተገደበ፥ ከዚያም በታች በእርሻ ቦይ እየተከፈለ ከተወሰደ ወዲህ የአቤ ሐይቅ እየሸሸ ሄዷል። ቀድሞ ውሃ የነበረበት ሜዳ ላይ ዛሬ የኖራ ድንጋይ ምሰሶዎች ቆመው ይታያሉ፤ ፍየልም በመካከላቸው ይሰማራል። በ1926 ዓ.ም. የተነሣው ካርታና የዛሬው የሐይቅ ዳርቻ አይገጥሙም።